የቤዝ ጊታር ክር ሲቀየር አምፕሊፋየሩን ከባዶ ማስተካከል፦ ዝርዝር መመሪያ

አዲስ ክር ያሰረ ቤዝ ተጫዋች በትናንቱ የአምፕሊፋየር አቀማመጥ መጫወት ሲጀምር የሚሰማው የመጀመሪያ ድምፅ ብዙ ጊዜ ያስደነግጠዋል። ጣቱ ክሩ ላይ በተንሸራተተ ቁጥር ፉጨት ይወጣል፣ ክሩ ፍሬቱን (በአንገቱ ላይ የተተከለውን ቀጭን ብረት) ሲመታ የብረት ኳኳታ ይከተላል፣ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሽ ስፒከር) ጆሮ ይወጋል፤ ያ የለመደው ወፍራም ድምፅም የጠፋ ይመስለዋል። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ ክሩን ይወቅሳል። እኔ ግን ክሩ ምንም ጥፋት የለበትም ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በማዞሪያዎቹ ላይ የቀረው አቀማመጥ ለአሮጌው ክር ተብሎ የተሰጠ ማካካሻ ነው። ክር የሚያረጀው ቀስ በቀስ ስለሆነ ተጫዋቹ ሳያስተውለው ትሬብሉን (የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ) በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይጨምራል፣ የታፈነውን ድምፅ ለመክፈት ሚዱን (የመካከለኛውን ድምፅ ማዞሪያ) ይነካካል፣ በመጨረሻም ያ አቀማመጥ «የእኔ ድምፅ» የሚለው ነገር ይሆናል። አዲሱ ክር ሲገባ ያ ሁሉ ጭማሪ በአንድ ቀን ይጋለጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው፦ ክር በተቀየረ ቁጥር መጀመሪያ ጊታሩ፣ ቀጥሎ አምፕሊፋየሩ ከመነሻው እንደገና ይስተካከል።

ክሩ የሚሰጠውና አምፕሊፋየሩ የሚያደርገው

በተለመደው አቃኝ የቤዝ ጊታር አራት ክሮች ኢ፣ ኤ፣ ዲ እና ጂ ሲሆኑ፣ መሠረታዊ ንዝረታቸው በቅደም ተከተል 41.2፣ 55፣ 73.4 እና 98 ኸርዝ ነው። ይሁን እንጂ ክር ሲመታ በአንድ ንዝረት ብቻ አይንቀሳቀስም። የኢ ክር ከ41 ኸርዙ ጋር 82ን፣ 124ን፣ 165ን እያለ እስከ ብዙ ሺህ ኸርዝ የሚዘልቁ ሐርሞኒኮችን አብሮ ያሰማል። ጆሯችን የድምፁን ቀለም የሚለየው በእነዚህ ሐርሞኒኮች ብዛትና መጠን ነው፤ እንዲያውም መሠረታዊው ንዝረት ደካማ ሆኖ ሐርሞኒኮቹ በግልጽ ከተሰሙ ጆሮ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላና ኖታውን በትክክል ይለየዋል። 41 ኸርዝን በደንብ ማሰማት የማይችል ትንሽ ስፒከር ላይ የኢ ክር ኖታ የሚታወቀን በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ ክር እነዚህን ከፍተኛ ሐርሞኒኮች በብዛት ይሰጣል። ክሩ ሲያገለግል ላብ፣ ቅባትና የቆዳ ብናኝ በጥምጥሙ መካከል ይከማቻል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ፍሬቶቹም ከሥሩ ይቦረቡሩታል። በጥምጥሙ ውስጥ የገባው ቆሻሻ ንዝረቱን ያፍናል፤ የሚታፈነውም በመጀመሪያ ቀጭኑ ድምፅ ነው። ክብደቱ በክሩ ርዝመት ላይ እኩል ስለማይከማች ደግሞ አሮጌ ክር በትክክል ለመቃኘት ያስቸግራል፤ በባዶው ትክክል የሆነ ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ ይዛነፋል።

የኢኳላይዘር ማዞሪያ፣ ማለትም ቤዝ፣ ሚድና ትሬብል የሚባሉት፣ ከዚህ አንጻር ሥራው ውስን ነው። ከክሩ የመጣውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል እንጂ ያልመጣውን አይፈጥርም። የሞተ ክር በ3,000 ኸርዝ አካባቢ የሚሰጠው ድምፅ ኢምንት ከሆነ፣ ትሬብሉን እስከ ጫፍ ማዞር የሚያጎላው የአምፕሊፋየሩን ሽውሽውታ ነው። በተቃራኒው ብሩህ ክር ያለውን ትርፍ ድምቀት መቀነስ ይቻላል። ስለዚህም ሁለት ምርጫ ቢገጥመኝ ትንሽ የበዛ ድምቀት ያለውን ክር አስሬ በአምፕሊፋየሩ መቀነስን እመርጣለሁ።

አሮጌውን ክር ከመፍታትዎ በፊት

ይህ ደረጃ አሥር ደቂቃ አይወስድም፤ ቢሆንም ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ በኋላም የሚያነጻጽርበት ነገር ያጣል። የአምፕሊፋየሩን ማዞሪያዎች ሁሉ ባሉበት ፎቶግራፍ ያንሱ፤ በጊታሩ ላይ ያሉትን የቮልዩምና የቶን ማዞሪያዎችም ጨምሩ። ከዚያ በአራቱም ክሮች ላይ የሚያልፍ አንድ አጭር ሐረግ በተለመደው አመታትዎ ተጫውተው ይቅረጹ። ቀረጻው በስልክ ቢሆንም ግድ የለም፤ ዋናው ነገር ስልኩ የተቀመጠበትን ቦታ፣ ከስፒከሩ ያለውን ርቀትና የድምፁን መጠን መዝግበው ከለውጡ በኋላ ሳይቀይሩ መድገምዎ ነው። የጆሮ ትውስታ ለድምፅ ቀለም በጣም አጭር ስለሆነ በእርሱ ላይ ብቻ መተማመን ያሳስታል።

የነበረውን ክር ውፍረት በሚያውቁበት ጊዜም ይጻፉት። የክር ውፍረት በኢንች ሺኛ ስለሚነገር፣ ብዙዎች የሚጠቀሙበት መካከለኛ ስብስብ 45፣ 65፣ 85 እና 105 ይባላል፤ ቀጭኑ ክር 1.14 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራሙ 2.67 ሚሊ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ቀለል ያለው ስብስብ ብዙውን ጊዜ ከ40 ይጀምራል፣ ከበድ ያለው ከ50።

የክሩ ዓይነት በአምፕሊፋየሩ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

ሁሉም የቤዝ ክር ከውስጥ ቀጥ ያለ ሽቦ፣ ከላይ ደግሞ የተጠመጠመ ሽቦ አለው። ልዩነቱ በአመዛኙ የሚመጣው ከጥምጥሙ ቅርጽና ከተሠራበት ነገር ነው።

ራውንድዋውንድ በክብ ሽቦ የተጠመጠመ ነው። ገጹ ስለሚሻክር ጣት ሲንሸራተትበት ይሰማል፣ ፍሬትንም ቶሎ ይበላል፤ ነገር ግን ሐርሞኒኩ ብዙ ነው፣ ድምፁም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ክር አምራቹ የሮቶሳውንድ ድርጅት በ1966 እ.ኤ.አ. ከዘ ሁ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ከጆን ኤንትዊስል ጋር በመሥራት ያወጣው ክር የቤዝን ድምፅ ከፒያኖ ወፍራም ክሮች ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ያደመቀ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያለው የሮክ ቤዝ ድምፅ ከዚህ ክር ጋር የተያያዘ ነው። በራውንድዋውንድ ውስጥም ልዩነት አለ፦ የማይዝግ ብረት ጥምጥም በጣም ብሩህ ነው፣ ኒኬል የተለበጠ ብረት መካከለኛ ነው፣ ንጹሕ ኒኬል ደግሞ ለስለስ ይላል። ከኒኬል ልባጥ ወደማይዝግ ብረት የተሻገረ ሰው በመጀመሪያ ትዊተሩን መቀነስ እንደሚኖርበት አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ፍላትዋውንድ በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመ ነው፤ ገጹ ለስላሳ፣ አመታቱ ጉልህ፣ የድምፁ ቆይታ አጠር ያለ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የሙዚቃ አሳታሚ በሞታውን ቀረጻዎች ላይ የተጫወተው ጄምስ ጄመርሰን በፌንደር ፕሪሲዥን ቤዙ ላይ ወፍራም ፍላትዋውንድ ክሮች እንደነበሩትና እነርሱንም እምብዛም እንደማይቀይር የታወቀ ነው። ወደዚህ ክር የሚሻገር ሰው ትሬብሉን ከፍ አድርጎ የራውንድዋውንድን ድምፅ ለማስመለስ ይሞክራል፤ ከላይ እንደተባለው ግን በክሩ ውስጥ የሌለው አይመጣም። የሚሻለው ሚዱን ከ500 እስከ 1,000 ኸርዝ ባለው ክልል ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው፤ ፍላትዋውንድ በባንድ መካከል የሚሰማው በዚያ በኩል ነው። የቤዝ ማዞሪያውን (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆጣጠረውን) ደግሞ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል፣ ምክንያቱም ቀጭኑ ድምፅ ሲያንስ ወፍራሙ በጆሮ ከበፊቱ የበዛ ይመስላል።

በእነዚህ ሁለቱ መካከል፣ ከተጠመጠመ በኋላ ገጹ ተፍጎ የተስተካከለ ክር አለ፤ በናይለን የተሸፈነ ክርም አለ፣ እርሱም ከውስጥ ብረት ስላለው በተለመደው ማግኔታዊ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት በሚለውጠው) ይሠራል። ስለ ሁለቱ ብዙ የሚባል የለም፤ ድምፃቸው በራውንድዋውንድና በፍላትዋውንድ መካከል ወይም ከፍላትዋውንድም ለዘብ ያለ ሆኖ ይገኛል፣ አስተካከሉም በዚያው መንገድ ነው።

ክሩን መቀየር

አንድ ክር ፈትቶ አንድ መተካት ለአንገቱ ሚዛን ጥሩ ልማድ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ መፍታት ጊታሩን ባይጎዳም፣ የሚመከረው የፍሬት ሰሌዳውን ማጽዳት ሲፈልጉ ነው። አሮጌውን ክር መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ያላሉ፤ በተወጠረበት መቁረጥ አደገኛ ነው። አራቱ ክሮች በጠቅላላው ከ70 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኃይል አንገቱን እንደሚስቡት ማስታወስ ይበቃል።

አዲሱን ክር በብሪጁ (በጊታሩ አካል ላይ ክሩ በሚያያዝበት ብረት) በኩል ያስገቡና እስከ መቃኛው ይሳቡት። የተለመደው የቤዝ መቃኛ ዘንግ ከላይ የተሰነጠቀ፣ መካከሉ የተቦረቦረ ነው። ክሩ ከሚታሰርበት ዘንግ አልፎ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ እንዲኖረው ይለኩ፤ ከሁለት እስከ ሦስት ዙር የሚጠመጠም ነው። ከመቁረጥዎ በፊት በመቁረጫው ቦታ ላይ ክሩን በፒንሳ ዘጠና ዲግሪ እጠፉት። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር የውስጡ ሽቦ ክብ በሆነበት ክር ላይ ወሳኝ ነው፤ ሳይታጠፍ የተቆረጠ ከሆነ ጥምጥሙ ከውስጡ ሽቦ ላይ ይላላና ክሩ ገና ሳይጫወቱበት ይሞታል። የተቆረጠውን ጫፍ በዘንጉ ቀዳዳ ውስጥ ይክተቱ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በታች እንዲሆን አድርገው ይጠምጥሙ፤ ወደ ታች የወረደ ጥምጥም ክሩን ነት በሚባለው ማረፊያ ላይ አጥብቆ ያስቀምጠዋል። ፍላትዋውንድ ሲሆን የተጠመጠመው ወፍራም ክፍል በዘንጉ ላይ በኃይል እንዳይታጠፍ ከሌላው ይበልጥ ይጠንቀቁ።

ክሩ ከተቃኘ በኋላ በነቱና በብሪጁ ሳድል (ክሩ በብሪጁ ላይ በሚያርፍበት ብረት) አጠገብ በአውራ ጣት በቀስታ ወደ ታች ይጫኑት። አዲስ ክር በእነዚህ ቦታዎች ላይ ጎበጥ ብሎ ስለሚያልፍ በትክክል አይረጋም፤ ሲጫኑት ድምፁ የሚጠራ መሆኑን ወዲያው ይሰሙታል። ክሩን በቀስታ እየሳቡ ደጋግመው ይቃኙት፣ እስኪረጋ ድረስ።

ከአምፕሊፋየሩ በፊት ጊታሩ

የአዲሱ ክር ውፍረት ከአሮጌው ከተለየ አንገቱ ላይ ያለው ውጥረት ይለወጣል። ወፍራም ክር አንገቱን ወደ ፊት ይበልጥ ያጎብጠዋል፣ ክሩም ከፍሬቱ ይርቃል፤ ቀጭን ክር ደግሞ አንገቱ እንዲቀና ስለሚያደርገው ክሩ ፍሬቶቹን እየነካ ይንኳኳል። ይህን ኳኳታ ትሬብልን በመቀነስ መደበቅ የተለመደ ስህተት ነው። ኢኳላይዘር ላይ የሚታየው ችግር ከአንገቱ የመጣ ከሆነ መፍትሔውም እዚያው መሆን አለበት።

ጉብጠቱን ለማየት ክሩን በ1ኛው ፍሬት ላይ በካፖ (ክሮቹን ፍሬቱ ላይ ተጭኖ በሚይዝ መቆንጠጫ) ያስሩ፣ በመጨረሻው ፍሬት ላይ በጣት ይያዙ፣ ከዚያም በ7ኛውና በ8ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ያለው ክፍተት ለብዙ ቤዞች ይስማማል። ትረስ ሮዱን (በአንገቱ ውስጥ ያለውን ጉብጠቱን የሚቆጣጠር ዘንግ) ሲነኩ ከሩብ ዙር አይለፉ፤ እንደገና ቃኝተው፣ ጥቂት ጠብቀው፣ ዳግመኛ ለክተው ነው የሚቀጥሉት። ብሎኑ በኃይል የሚጠብቅ ከሆነ ይተዉትና ለባለሙያ ይስጡት። የክሩን ከፍታ በሳድሉ ካስተካከሉ በኋላ የ12ኛውን ፍሬት ሐርሞኒክ (ክሩን ሳይጫኑ በጣት ነካ ብቻ አድርገው ሲመቱ የሚወጣውን ድምፅ) በዚያው ፍሬት ላይ ከተያዘው ኖታ ጋር በቱነር ያነጻጽሩ፦ የተያዘው ኖታ ከፍ ካለ ሳድሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ይመጣል።

ፒክአፑም አይረሳ። ወፍራም ክር ማግኔቱ ላይ የበለጠ ብረት ስለሚያንቀሳቅስ ጠንከር ያለ ምልክት ይልካል፣ በከፍታው ለውጥ ምክንያትም ርቀቱ ይቀየራል። አራቱን ክሮች በእኩል ኃይል መትተው አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ቢወጣ የፒክአፑን ብሎን በጥቂቱ ያስተካክሉ። ይህን ሳያደርጉ በአምፕሊፋየር የሚሻገሩት አለመመጣጠን የለም፤ ኢኳላይዘር የትኛው ክር እንደተመታ አያውቅም።

አቃኙን ዝቅ አድርገው የሚጫወቱ ከሆነ ደግሞ አንድ ሒሳብ ይጠቅማል። የክር ውጥረት ከንዝረቱ መጠን ካሬ ጋር ይሄዳል፤ ስለዚህ ክርን አንድ ሙሉ ድምፅ፣ ማለትም ሁለት ፍሬት፣ ዝቅ ማድረግ ውጥረቱን በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የላላ ክር በሰፊው ስለሚወዛወዝ ይንኳኳል፣ ድምፁም ይበታተናል፤ ይህ የቤዝ ማዞሪያን በመጨመር የሚስተካከል አይደለም፣ ወፍራም ክር ይፈልጋል።

አምፕሊፋየሩን ከባዶ ማስተካከል

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። የጊታሩን ማዞሪያዎች ሁሉ ክፍት ያድርጉ፣ ባለ ባትሪ ከሆነ የውስጡን ኢኳላይዘር በመካከለኛው ማረፊያ ላይ ያኑሩ። ኮምፕረሰርን (ከፍ ያለውን ድምፅ ጨምቆ የሚያመጣጥነውን መሣሪያ) እና ሌሎች ኢፌክቶችን ያጥፉ። በአምፕሊፋየሩም ላይ ቤዝ፣ ሚድና ትሬብልን ወደ መካከል፣ ማለትም ሰዓት ላይ 12ን ወደሚያመለክተው ቦታ ይመልሱ። በብዙ ዘመናዊ አምፕሊፋየሮች ይህ ቦታ ድምፁን ሳይነካ የሚያሳልፍበት ነው፤ በአንዳንድ የድሮ ዓይነት ቱቦ አምፕሊፋየሮች ግን ማዞሪያዎቹ የሚቀንሱ ብቻ ስለሆኑ መካከሉ «ባዶ» አይደለም፣ በእነዚያ ላይ ሚዱን ከፍ፣ ቤዙንና ትሬብሉን ዝቅ ማድረግ ወደ እውነተኛው መነሻ ያቀርባል።

የመጀመሪያው ማስተካከያ ጌይን፣ ማለትም ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባው ምልክት የሚጎላበት መጠን፣ ነው። አዲስ ክር ሲመታ የመነሻው ምት ከአሮጌው ይልቅ ሹልና ከፍተኛ ነው፤ ስለዚህ ትናንት ንጹሕ ድምፅ ይሰጥ የነበረው ጌይን ዛሬ ድምፁን ሊሰነጥቀው ይችላል። በሚጫወቱበት እጅግ ጠንካራ ምት እየመቱ የማስጠንቀቂያው መብራት አልፎ አልፎ ብልጭ እስኪል ድረስ ጌይኑን ከፍ ያድርጉ፣ ከዚያ ትንሽ ይመልሱት። በመግቢያው ላይ ምልክቱን በ10 ወይም በ15 ዴሲቤል የሚቀንስ ቁልፍ ካለና ቤዝዎ ባለ ባትሪ ከሆነ ይጠቀሙበት። ማስተሩን (የሚወጣውን ድምፅ ጠቅላላ መጠን የሚወስነውን ማዞሪያ) በመጨረሻ ላይ ወደሚፈልጉት ድምፅ ያመጣሉ።

የድምፁ መጠን በራሱ አስተካከልን ይለውጣል። የመስማት ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና ሙንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደታየው ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ለወፍራሙ ድምፅ ያለው ስሜት ከመካከለኛው ይልቅ ይቀንሳል። በዝቅተኛ ድምፅ «ቤዝ አነሰ» ብለው የጨመሩት ነገር ከባንዱ ጋር ሲከፈት ያጥለቀልቃል። ስለዚህ አቀማመጡን ሲወስኑ በእውነት በሚጫወቱበት መጠን ይሁን።

ቀጥሎ የሚነኩት ማዞሪያ፣ በእኔ አመለካከት፣ ትሬብል መሆን የለበትም። ትኩረቱን የሚስበው የክሩ ብልጭታ ቢሆንም፣ ዋናው ጥያቄ ያለው በታችኛው ሚድ፣ ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ባለው ክልል ነው። አሮጌው ክር ቀጭኑን ድምፅ ስላጣ ድምፁ በዚህ ክልል ላይ ተጠግቶ ነበር፤ ብዙ ሰውም መጨናነቁን ለመቀነስ ይህን ክልል ዝቅ አድርጎት ነበር። አዲሱ ክር ከላይ ሲደምቅና ይህ ክልል ሳይመለስ ሲቀር፣ ወለሉና ጣሪያው ብቻ ያለው፣ መካከሉ የጎደለ ድምፅ ይወጣል፤ ብቻዎን ሲጫወቱ ደስ ይላል፣ ከበሮና ጊታር ሲገቡ ይጠፋል። ሚዱን ከባዶው ቦታ ላይ ትተው ቀድሞ የቀረጹትን ሐረግ ይድገሙት፣ ከዚያ አንድ ማዞሪያ ብቻ በትንሹ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ያዳምጡ። ሁለት ማዞሪያ አንድ ላይ መንካት የትኛው ምን እንዳደረገ ያሳጣል።

የቤዝ ማዞሪያውን ሲጨምሩ የኃይሉን ዋጋ ያስቡ። 3 ዴሲቤል መጨመር ሁለት እጥፍ፣ 6 ዴሲቤል መጨመር አራት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል፤ ያ ኃይል የሚወጣው ደግሞ ለስፒከሩ ከባድ በሆነው ወፍራም ድምፅ ላይ ነው። የአምፕሊፋየሩ ድምፅ ቶሎ የሚሰነጠቅ ወይም ስፒከሩ የሚንፈራገጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይህ ማዞሪያ ነው። የስፒከሩ ሳጥን በክፍሉ ጥግ ላይ ከተቀመጠም ግድግዳዎቹ ራሳቸው ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያጎሉት፣ ማዞሪያ ከመንካትዎ በፊት ሳጥኑን ከጥጉ ማራቅ ይሞክሩ።

አሁን ወደ ላይኛው ክልል ይምጡ። የክሩ ብልጭታና የጣት ፉጨት በአብዛኛው የሚሰማው ከ2,000 ኸርዝ በላይ ነው። ሳጥኑ ትዊተር ካለው በመጀመሪያ የትዊተሩን ማዞሪያ ይቀንሱ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ትሬብሉን፤ ትዊተሩ ሲቀንስ ፉጨቱ ይወርዳል፣ የኖታው ግልጽነት ግን ይቀራል፤ ትሬብሉን አስቀድመው ከቀነሱ ሁለቱም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ትዊተር በሌለው ሳጥን ላይ አዲስ ክር ብዙም ጆሮ አይጎዳም። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው የ300 ዋት አምፔግ ኤስቪቲ አምፕሊፋየር ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ከያዙ ትዊተር አልባ ሳጥኖች ጋር የሚሠራ በመሆኑ፣ የማይዝግ ብረት ክር እንኳ በእርሱ ላይ ጆሮ ሳይወጋ ጠንከር ብሎ ይወጣል።

ኮምፕረሰር የሚጠቀሙ ከሆነ በመጨረሻ ያብሩት። የአዲሱ ክር የመነሻ ምት ከፍ ስለሚል የድሮው መነሻ ገደብ ያለማቋረጥ ይጨምቀዋል፤ ገደቡን ጥቂት ከፍ ያድርጉ።

ከጥቂት ሰዓታት ጨዋታ በኋላ

አዲሱ ክር የመጀመሪያውን ሹል ብልጭታ በጥቂት ሰዓታት ጨዋታ ውስጥ ያጣል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የወሰኑት የትዊተር አቀማመጥ የመጨረሻ አይደለም። ድምፁ ሲረጋ ያንኑ ሐረግ በዚያው ቦታ ደግመው ይቅረጹ፣ ከመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ጋር ያነጻጽሩ፣ የማዞሪያዎቹንም አዲስ ፎቶግራፍ ያንሱ። ይህ ፎቶግራፍ የወደፊት መለኪያዎ ነው፦ ከወራት በኋላ ትሬብሉ ከዚህ ቦታ ብዙ ርቆ ካገኙት፣ ክሩ እየሞተ እርስዎ እያካካሱለት ነው። ራውንድዋውንድ ላይ ይህ የሚመጣው እንደ ላብዎና እንደ ጨዋታዎ መጠን ነው፤ ፍላትዋውንድ ግን ለዓመታት ሊያገለግል ስለሚችል በእርሱ ላይ መቸኮል አያስፈልግም።

የክሩን ዕድሜ ለማራዘም ከተጫወቱ በኋላ እያንዳንዱን ክር ከላይም ከሥሩም በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። የሞተ ራውንድዋውንድን ፈትቶ በአልኮል ውስጥ መዘፍዘፍ በጥምጥሙ መካከል ያለውን ቅባት ስለሚያወጣ ድምቀቱን ለጊዜው ይመልሳል፤ ፍሬት የቦረቦረውን ግን አይመልስም። ተዘፍዝፎ የተመለሰ ክርም ለአምፕሊፋየሩ እንደ አዲስ ክር ነው፤ ጌይኑንና ትዊተሩን በዚያው ቅደም ተከተል እንደገና ይፈትሹ።